ካሴት ላሳድስ ብዬ

ቢቸና ውስጥ መታወቂያ ማሳደስ ይቻላል፤ ሰልፉን ለቻለ። የንግድ ፈቃድ ይታደሳል፣ የቤት ጣሪያ ይታደሳል፣ የኪራይ ውል ይታደሳል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መዝሙር አሳድሳለሁ ማለት ግን አይቻልም። ይህን የማውቀው ብዬ ስላየሁት ነው። በቃል ብቻ ብዬው ቢሆን ኖሮ ምላስ አዳለጠኝ እል ነበር። እኔ ግን ያልሁት በጽሑፍ ነው፤ በሦስት ገጽ፣ ርእሱን በማስመሪያ አስምሬ፣ ከሥሩ ስሜን ከነአያቴ ጽፌ፣ ፈርሜ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጀመሪያው ሰሚስተር አልቆ ለዕረፍት ወደ ቢቸና ስመጣ በደንብ ተምሬው የመጣሁት አንድ ነገር ፕሮፖዛል መጻፍ ነበር። ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የሚጠበቅ ውጤት። የጎደለኝ ፕሮፖዛል የሚጻፍለት ነገር ብቻ ነው። እሱንም እትዬ ደብሬ ቤት አገኘሁት።

እትዬ ደብሬ ጎረቤታችን ናት፤ ገበያ ላይ ጌሾ ትሸጣለች። «አንቱ» ስላት «ሳላረጅ ልትቀብረኝ ነው?» እያለች ስለምትቆጣ «አንቺ» እላታለሁ። በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን መዘምራን ትመራ ነበር። ያን ጊዜ ባንድ ክፍል ውስጥ ባንድ ቴፕ የቀዱት አንድ ካሴት አለ። ሌሎቹ ቅጂዎች በውሰት ሄደው ቀርተዋል፤ አንዳንዶቹም ላያቸው ላይ የሠርግ ዘፈን ተቀድቶባቸዋል ይባላል። በዓለም ላይ የቀረው አንድ ካሴት እሷ ሣጥን ውስጥ ያለው ነው። ድምፁ እንደ ክረምት ዝናብ ይንሿሿል። ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛዬ እንዲህ ያለውን ሽውታ በኮምፒውተር ሲያጠፋ አይቼ ነበርና፣ ስጪኝና ላስጠራልሽ አልኋት። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልኝ። ቋጠሮውን ከመፍታቷ በፊት ፊቴን ቆይታ አየችው።

«ልጄ፣ ይቺ ከጠፋች እኔ ዘምሬ አላውቅም ማለት ነው» አለችኝ።

እኔም ነገሩ ወግ እንዲኖረው ብዬ ፕሮፖዛሌን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አቀረብሁ። ርእሱ «የነባር መዝሙራት እድሳት» ይላል። ዓላማው «አሮጌውን አድሶ ለአዲሱ ትውልድ ማድረስ» ይላል።

በዚያ ሰሞን «ተሐድሶ» የሚባል ነገር ሾልኮ ገብቶ ከውስጥ ሥርዓቱን ሊቀይር ነው እየተባለ በየደብሩ ሰው ሰውን በጎሪጥ ያይ ነበር። ተሐድሶ ማለት፣ ግእዙን ለማያውቅ፣ መታደስ ማለት ነው። እኔ የቄስ ልጅ ስለሆንሁ ግእዙን አውቃለሁ። ማወቄ ነው ነገሩን ያባሰው፤ የማያውቅ ቢሆን በዋዛ ይታለፍለት ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ አያሌው ናቸው። በሥራቸው የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ ጠመኔ ሲሰጡ አሮጌው ጠመኔ የት እንደደረሰ ይጠይቃሉ። እኒህ ሰው ርእሱን አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«እድሳት?» አሉ።

አዎ አልሁ፤ ጊዜ ያለፈበትን ነገር ዝም ብለን ማየት የለብንም ብዬ ጨመርሁ። ጥሩ የተናገርሁ መስሎኝ ወጣቱን በሚስብ መልኩ የሚልም ቀጠልሁበት። ጋሽ አያሌው ወረቀቱን አጠፉት። ደግመው አጠፉት። ኪሳቸው ውስጥ ከገባ በኋላም ከላይ በመዳፋቸው ያዙት። ከዚያ «ጉዳዩ ይጠና» ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

«ይጠና» ማለት በኮሚቴ ቋንቋ «ይቅር» ማለት እንደሆነ ዛሬ አውቄዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ተማሪ ነኝ፤ ይጠና ከተባልሁ አጠናለሁ። በማግስቱ ካሴቴን ይዤ የሞጣ አውቶቡስ ተሳፈርሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ስቱዲዮ ሞጣ አለ ብለውኝ ነበርና።

መንገዱ ላይ ካሴቷን ደረቴ ውስጥ ከትቼ በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑ ደረቴ ላይ እየመጣ አስቸገረኝ። ሌባ ነው ብዬ ጠረጠርሁት። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ምን አቅፈህ ነው አለኝ። የሰው አደራ ነው አልሁት። ይህን እንደሰማ የራሱን ዘንቢል ከመሃላችን አንሥቶ በወዲያኛው በኩል አደረገው። ከዚያ እስከ ሞጣ ሁለታችንም አላንቀላፋንም።

ስቱዲዮው ከፊት ፎቶ ቤት ነው፤ ከኋላ ግድግዳው በሙሉ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል አለው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አለኝ ባለቤቱ። እኔ ግን ያን ሁሉ እንቁላል ማን እንደበላው ሳስብ ቆየሁ። ባለቤቱ ሙሉቀን ይባላል፤ በእኔ ዕድሜ ላይ ጥቂት ቢጨምር ነው። የሚታወቀው በሠርግ ቪዲዮ ነው፤ ሙሽሮቹ ራስ ላይ ልብና እርግብ ያበርራል። ልብና እርግብ የሚያበርር ሰው መዝሙር ላይ ምን ያበርር ይሆን ብዬ ስለፈራሁ በጥንቃቄ ነገርሁት። ኦርጋን እንዳይገባበት፣ የእኛ መዝሙር በከበሮ ብቻ ነው አልሁት። የጠራውን ውሰድ፣ ያልጠራውን ተው አልሁት። ሁሉንም እሺ አለኝ። እሺ ማለት ያበዛ ሰው ያስፈራኛል፤ እኔ ራሴ እሺ ማብዛት ስለምወድ አውቀዋለሁ።

ሥራውን ሊጀምር ሲል ዞር ብሎ «ትንሽ ነፍስ ልዝራበት እንዴ?» አለኝ።

እኔ ሰው ቅር እንዲለው አልወድም። ደስ እንዳለህ አልሁት።

ውጪ ፎቶዎች መሃል አስቀምጦኝ በሩን ዘግቶ ሲሠራ ዋለ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ጠርቶ መጀመሪያውን አሰማኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሽውታው ጠፍቶ የእትዬ ደብሬ ድምፅ እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ብሎ ሲወጣ እንባዬ መጣ። አንድ ቤት ሳትጨርስ መብራት ጠፋ። መዝሙሩ አስቀድሞ ሚሞሪ ካርድ ላይ ተቀድቶ ነበር። ካሴቷ ግን ማጫወቻው ውስጥ ናት፤ ማጫወቻው ደግሞ ያለ መብራት አፉን አይከፍትም። በቢላ እንሞክር ብለን ሁለታችንም ፈራን። የመጨረሻው መኪና ሊሄድ ነው። ሚሞሪውን ይዤ፣ ካሴቷን በሙሉቀን አደራ ትቼ ተመለስሁ። እትዬ ደብሬ ካሴቴስ ስትለኝ በደኅና እጅ ናት አልኋት። ነጠላዋን አጣፋች።

እሑድ ከትምህርት በኋላ መዘምራኑም ኮሚቴውም አዳራሹ ውስጥ እንዳሉ ላሰማችሁ አልሁ። ትንሿን ድምፅ ማጉያ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ከፈትሁት። የመጀመሪያው ቤት እንደ ሞጣው ኩልል ብሎ ወጣ፤ ጋሽ አያሌው እንኳ ፊታቸው ተፈታ። ከዚያ «ዱም» የሚል ነገር መጣ። ከበሮ አይደለም። ከበሮ ሰው ይመታዋል፤ ይህን የመታው ሰው አይመስልም። ከኋላ ያሉት ወጣቶች ራሳቸው መወዝወዝ ጀመረ። ከዱምታው ላይ የእትዬ ደብሬ ድምፅ ተቆርጦ፣ እየተደጋገመ፣ እያስተጋባ መጣ።

«አማላጅ የለንም። የለንም። ለንም። ንም። አማላጅ የለንም።»

እመቤታችንን አማላጃችን ናት ብሎ በኖረ ደብር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በተማሪ ማጉያ «አማላጅ የለንም» ተባለ። ኋላ እትዬ ደብሬን ጠይቄ እንደተረዳሁት የመዝሙሩ ቃል እንደዚያ አይደለም። «በጭንቅ ቀን፣ ካንቺ ወዲያ አማላጅ የለንም» ነው የሚለው። ሙሉቀን «ካንቺ ወዲያ»ን ቆርጦ ጥሎ የቀረውን ደጋግሞት ነው። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ማጉያው ግን ጊዜ አይሰጥም። ጋሽ አያሌው ተነሥተው ሶኬቱን ነቀሉት። ማጉያው የራሱ ባትሪ ስላለው ቀጠለ። የመሰላቸውን ቁልፍ ሁሉ ነኩ፤ ድምፁ ጨመረ። በመጨረሻ ጋቢያቸው ውስጥ ከተውት ወጡ። ግቢው ውስጥ ምእመናን ተቀምጠዋል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ከጋቢያቸው ሥር አማላጅ የለንም እየተባለ በመካከላቸው አለፉ። አንዲት ሴት አማተበች። ማጉያው የቆመው እንጨት ቤቱ ውስጥ ጆንያ ሲጫንበት ነው ይባላል፤ እኔ ያን ጊዜ ከአዳራሹ አልወጣሁም።

በዚያው ቀን ስብሰባ ተደረገ። ፕሮፖዛሉ ከኪስ ወጣ፤ እጥፉ ተዘረጋ፤ «እድሳት» በቀይ እስክሪብቶ ተከበበ። ምስክርም አልጠፋም። ሲጸልይ ዓይኑን ይጨፍናል ተባለ፤ እውነት ነው፣ ዕንቅልፍ ስለሚመጣብኝ ነው። ጓደኛውን «ጌታው» ብሎ ይጠራል ተባለ። ጆሮው ውስጥ ሁልጊዜ ገመድ አለ፤ ምን እንደሚሰማበት አይታወቅም ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ስም ሲነሣ ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። የተሰጠኝ ጊዜ ስምንት ቀን ነው። ዋናውን ካሴት አምጥቼ ቃሉ ሙሉ መሆኑን ካላሰማሁ ስሜ ከመዝገብ ተሰርዞ በጉባኤ ይነበባል። ጉባኤው ላይ ደግሞ አባቴ ከካህናቱ ጋር ይቀመጣል።

አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ራት ሳይቀርብ «እስቲ አባታችን ሆይን በልልኝ» አለኝ። አልሁለት። ስጨርስ ጠበቀ። ወደ እመቤታችን ጸሎት መሻገሬን ወይም አለመሻገሬን እያየ መሆኑ ገባኝ። ስለገባኝ ደነገጥሁ፤ ስለደነገጥሁ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጸሎት መነሻው ጠፋኝ። ያን ጊዜ የአባቴ ፊት የሆነውን መሆን ለማንም አልመኝም። ከቆይታ በኋላ መጣልኝና አንድ ትንፋሽ ውስጥ ጨረስሁት። እሱም ተነፈሰ። ራት ቀረበ፤ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

ሞጣ ተመልሼ ስሄድ ሙሉቀን ካሴቷን እንደምፈልግ ስነግረው ተጠራጠረ። ሌላ ስቱዲዮ ልትወስደው ነው፣ ሥራዬን ልታስገለብጥ ነው አለኝ። አይደለም ብዬ መማል አልወድም፤ ማልሁ። ለምን «ካንቺ ወዲያ»ን ቆረጥኸው ስለው ቅር አለው።

«አንተ አይደለህ እንዴ የጠራውን ውሰድ ያልኸኝ? የጠራውን ወሰድሁ» አለኝ።

ያልጠራው ምን ነበር ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ግን አንዴ መልስ ካገኘ ጥያቄ አይጨምርም። ካሴቷን ከሠርግ ሲዲዎች መሃል ፈልጎ ሰጠኝ፤ አቅፌ ተመለስሁ።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞላ። የቅኔው መምህር የኔታም ተጠርተው መጥተዋል፤ በቃል ነገር የሚፈርዱ እሳቸው ናቸውና። እትዬ ደብሬ ባለካሴቷ ስለሆነች ከገበያ ተጠርታ መጣች፤ ቀሚሷ ላይ የጌሾ ቅጠል ነበረ። እኔ በበኩሌ ቃሌ እንዳይጣመምብኝ ፈርቼ ስልኬን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት፤ በዚህ ሳምንት የማላምነው ሰው ቁጥር በዝቶ ነበር። አንድ አሮጌ ቴፕ ተገኘ። ካሴቷ ገባች።

ሽውታው መጣ። ከሽውታው ውስጥ የሃያ ዓመቷ እትዬ ደብሬ መጣች። ከበሮው እውነተኛ ከበሮ ነው። የሰው ፊት ሁሉ ላላ፤ እኔም ተነፈስሁ። ቦታው ደረሰ።

«በጭንቅ ቀን፣ ዋ... ዋው... አማላጅ የለንም።»

የካሴቷ ክር እዚያ ላይ ተበልቷል። ሙሉቀን ያልጠራ ያለው ይህን ነው። መልሱት ተባለ፤ መለሱት፤ «ቀን» የሚለውም ጠፋ። እንደገና መለሱት፤ «በጭንቅ»ም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የኔታ እጃቸውን አነሡ። «ተዉት። አሁንም ብትመልሱት የሚተርፈን ‹የለንም› ብቻ ነው» አሉ።

እስካሁን ተጠርጣሪው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አሁን ካሴቱ ራሱ ተጠረጠረ። ማን ዘመረው? እትዬ ደብሬ። ከበሮውን ማን መታው? ይህን ጥያቄ ያነሣው አንድ ከኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው። መልሱን ሁሉም ያውቀው ኖሯል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ጋሽ አያሌው ዞረ። ጋሽ አያሌው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ እስክሪብቶዋን አንሥታ በትሕትና ጠየቀች።

«ጋሽ አያሌውንም ልጻፋቸው?»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ አያሌው።

ያን ጊዜ እትዬ ደብሬ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ልጁንም ተዉት፣ አያሌውንም ተዉት፣ ክሩን የበላሁት እኔ ነኝ አለች። ካገባች በኋላ ዘምራ አታውቅም። ባሏ የሰው ዓይን ይፈራ ነበር፤ ኋላም ልጆች መጡ፣ ገበያው መጣ። ቤት ውስጥ ሰው ሲጠፋ ካሴቷን ትከፍታለች። መላውን የምትሰማበት ጊዜ የላትም፤ ድምፄ ከሁሉ በላይ ከፍ የሚለው እዚያ ላይ ነው፣ ያችን ብቻ እየመለስሁ እሰማ ነበር አለች። ስትመልስ፣ ስትመልስ፣ ክሩ አለቀ። ይህን ስትናገር እኔን አታይም፤ ማንንም አታይም፤ ቴፑን ነው የምታየው።

«እንግዲያው በይልን» አሏት የኔታ።

«ድምፅ የለኝም የኔታ። ጌሾ፣ ጌሾ ስል አለቀ።»

«ቃሉን ነው የፈለግነ። ድምፁን ማን ጠየቀሽ?»

ቆማ አመነታች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ጎርናና ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ከገበያ ማዶ ሰው የሚጠራ ዓይነት ድምፅ ነው። «በጭንቅ ቀን» አለች። «ካንቺ ወዲያ» ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች፤ መጨፈኗን ማንም አልጻፈባትም። ሦስተኛውን ዙር ስትጀምር ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ የሚል ተሰማ። የጋሽ አያሌው መዳፍ ነበረ። እሳቸውም የሰሙት እንደኛ ዘግይተው ነው፤ መዳፋቸውን አይተው ሊያቆሙት አስበው ተዉት።

ስትጨርስ የኔታ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ ቃሉ ተገኝቷል፣ የልጁ ስም ባለበት ይቆይ ብለሽ ጻፊ አሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። ይህን ከስልክህ አውጥተህ ከጎደለው ላይ መሙላት ይቻላል ወይ አሉኝ። ይቻላል አልሁ። ያለ ዱምታ? ያለ ዱምታ። ጋሽ አያሌው ፕሮፖዛሌን አውጥተው «እድሳት» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «ጥገና» ብለው ጻፉበትና ሰጡኝ። ሞጣም ብቻህን አትሄድም አሉኝ፤ ያመኑኝ በቃል እንጂ በመኪና አይደለም።

ሦስታችን ሄድን፤ እኔ፣ እትዬ ደብሬ፣ ጋሽ አያሌው። ጋሽ አያሌው እንቁላል ካርቶኑን አንድ በአንድ እያዩ ቆመው ጠበቁ። ሙሉቀን ሁለቱ ድምፆች እንዲመሳሰሉ ልግራው፣ አሁን የዘመረችውን እንደ ልጅቷ ላቅጥነው አለ። ማንም እንዳይነካው አሉ ጋሽ አያሌው። እትዬ ደብሬም ተወው፣ እንደሆነው ይሁን አለች። ስለዚህ አሁን ያለው መዝሙር እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ እንደ ምንጭ ውኃ እየዘመረች ትመጣለች፤ «ካንቺ ወዲያ» ላይ ስትደርስ አንዲት ጎርናና ሴት ትገባለች፤ ሁለቱን ቃላት ትልና ትወጣለች፤ ልጅቷ ትቀጥላለች።

ስንመለስ እኔ ሰው ደስ እንዲለው ስለምወድ ሚሞሪውን ለሾፌሩ ሰጠሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ተከፈተ። ጋሽ አያሌው በመስኮት ያያሉ፤ እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ነው። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች ጆሮ ሰጥተው ሰሙ። ያች ቦታ ስትደርስ አንደኛው ፊቱን አጨማደደ።

«ልጅቷ እንዴት ያለ ድምፅ አላት። ይቺ መሃል ላይ የምታቋርጣት ሴትዮ ማን ናት?» አለ።

ጓደኛው አላውቅም፣ ሲቀዱ ሳያዩዋት ቤት የገባች ትሆናለች፣ ነገሩ አላማረኝም አለው። እኔ ልናገር ከመቀመጫዬ ብድግ ስል እትዬ ደብሬ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ነጠላዋን አፏ ድረስ ሳብ አድርጋ ወደ ሰዎቹ ጠጋ አለች።

«እናቷ ትሆናለች» አለቻቸው። «ልጅቷ እንዳትሳሳት ብላ ነው የገባች።»